ስሟ ደብተሩ ላይ ሲገባ፦ ስለ ሴቶች የመሬትና የንብረት መብት፣ ስለ ድህነትም ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

"በሚስትና በርስት ቀልድ የለም" ይባላል። አባባሉን ልብ ብላችሁ ስሙት። ተናጋሪው ወንድ ነው፤ ሚስትም ርስትም የእሱ ናቸው። ሚስት ራሷ ርስት ቢኖራትስ? ለዚያ የሚሆን ተረት እስካሁን አልሰማሁም። ሕግ ግን አለ። ስለዚህ ሕግና ከኪስ ጋር ስላለው ዝምድና ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝን እዚህ ሰብስቤዋለሁ። አብዛኛው ስለ ገጠር መሬት ነው፤ ምክንያቱን ወረድ ብላችሁ ታገኙታላችሁ።

የሴት መብት ከድህነት ጋር ምን አገናኘው? መጀመሪያ ሁሉም ይብላ፣ መብቱ ይደርሳል።

ይህን የሚለኝ ሰው ብዙ ጊዜ ክፋት የለውም። ድህነትን የሚቆጥረው በቤት ስለሆነ ነው። ይህ ቤት አለው፣ ያ ቤት የለውም ይላል። ቤት ግን አንድ ሰው አይደለም። እህሉ ጎተራ ከገባ በኋላ ገበያ የሚያወጣው ማነው? ብሩስ ማን ኪስ ይገባል? ደብተርና እስክሪብቶ ይገዛበታል ወይስ ጠጅ ቤት ያድራል?

አንድ የምወደው ምሳሌ ከደቡብ አፍሪካ ነው። በአፓርታይድ ማብቂያ ላይ ለጥቁር አረጋውያን የሚከፈለው ጡረታ ከፍ ተደረገ። ተመራማሪዎች በኋላ ሄደው ከአረጋውያኑ ጋር የሚኖሩትን የልጅ ልጆች ቁመትና ክብደት አዩ። ጡረታውን የምትቀበለው ሴት አያት ስትሆን የሴት ልጆቹ አካል ተሻሽሎ ተገኘ። ተቀባዩ ወንድ አያት ሲሆን ግን ይህ ለውጥ አልታየም። ገንዘቡ ያው ነው፤ የተለየው ተቀባዩ ነው።

ታዲያ ለምን መሬት ላይ ታተኩራለህ? ትምህርትስ? ብድርስ?

ትምህርቱም ብድሩም ይሁን። ግን አብዛኛው ኢትዮጵያዊ ዛሬም የሚኖረው ገጠር ነው፤ ገጠር ያለው ትልቁ ሀብት ደግሞ ማሳ ነው። መሬቱ በሕገ መንግሥቱ የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ይዞታው ግን የገበሬው ነው። ያርሰዋል፣ ያከራየዋል፣ ያወርሰዋል።

አሁን ፍቺ መጣ እንበል። ልማዱ ሴቷ ወደ ባሏ አገር ሄዳ እንድትኖር ስለሆነ፣ ሲፈርስ የምትወጣው እሷ ናት። ልብሷን ጠቅልላ ወደ አባቷ ቤት ትመለሳለች። እዚያ ወንድሞቿ መሬቱን ተካፍለው ጨርሰዋል። ቀጥሎ ያለው ምርጫ ጠላ መጥመቅ፣ ሰው ቤት መቀጠር ወይም ወደ ዐረብ አገር መውጣት ነው። ሁለት ጥማድ መሬት በስሟ ያላት ሴት ግን ቢያንስ ተቀምጣ ትደራደራለች።

ድሮ ሕጉ ምን ይል ነበር?

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ ራስ አድርጎ አስቀምጦ ነበር። ሚስት በሕጋዊ ትእዛዙ ሁሉ ልትታዘዘው ይገባል ይላል። ባል ለሚስቱ ሠራተኛ መቅጠር ካልቻለ የቤቱን ሥራ ሚስት ራሷ ትሠራለች የሚል አንቀጽም ነበረው። ይህን ስታነቡ የማን ቤት ታስቦ እንደተጻፈ ይገባችኋል። ደግሞም አንዱ ተጋቢ የሌላውን ሥራ "ለቤቱ አይበጅም" ብሎ መቃወም ይችል ነበር። ቃሉ ለሁለቱም እኩል ነው። በተግባር ግን ባሏን ከሥራ ያስቀረች ሚስት አላውቅም።

ከዚያ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጁ መጣ። አዋጁ የጾታ ልዩነት ሳይደረግ በጉልበቱ ለማረስ ለሚፈልግ ሁሉ መሬት ይሰጣል ይል ነበር። ጥሩ ቃል ነው። ግን መሬቱን ያደለው የገበሬ ማኅበር ነበር፤ ማኅበሩ የሚመዘግበው ደግሞ አባወራውን ነው። ሚስት በባሏ ስም ውስጥ ጠፋች።

አሁንስ ምን ተለወጠ?

ሦስት ነገር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶች ንብረት የማፍራት፣ የማስተዳደርና የማስተላለፍ መብት እንዳላቸው፣ በተለይ መሬትን በመጠቀምና በውርስ ከወንድ እኩል እንደሆኑ ጻፈ። ሰኔ 27 ቀን 1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ወጣ። "ራስ" የሚለው ቀረ፤ የጋብቻ ዕድሜ ለሁለቱም 18 ሆነ፤ የጋራ ንብረት በጋራ ይተዳደራል ተባለ። ይህ ሕግ በቀላሉ አልመጣም። የኢትዮጵያ የሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ዓመታት ተሟግቶበታል። ከማኅበሩ መሥራቾች አንዷ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ በኋላ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው አገልግለዋል።

ሕጉ ሁሉም ክልል በአንድ ቀን ስላልገባ ተመራማሪዎች ማወዳደር ቻሉ። ቀድሞ በገባባቸው ቦታዎች ሴቶች ከቤት ውጭ፣ ዓመቱን ሙሉና የተሻለ ሙያ በሚጠይቅ ሥራ የመሠማራት ዕድላቸው ከፍ ብሏል።

ሦስተኛው ደብተሩ፣ ማለትም የመሬት ይዞታ ማረጋገጫው ነው። እሱ የራሱ ጥያቄ ይገባዋል።

የሚስት ስምና ፎቶ ደብተሩ ላይ መቼ ገባ?

የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር መስጠት በ1990 ዓ.ም. ትግራይ ተጀመረ። እዚያ መጀመሪያ የተጻፈው የቤተሰቡ ኃላፊ ስም ነው፤ ባል ካለ ባልየው ማለት ነው። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ አማራ፣ ኦሮሚያና ደቡብ ሲጀምሩ ግን የባልና የሚስት ስም አብሮ ይጻፍ ተባለ። አማራ ክልል ፎቶም ጨመረ። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል አዋጅ ቁጥር 456 ደግሞ ባልና ሚስት በጋራ የያዙት መሬት ማረጋገጫው በሁለቱም ስም ይዘጋጃል ብሎ ቁርጡን ተናገረ። አዋጁ በ2016 ዓ.ም. በቁጥር 1324 ተተክቷል።

ሥራው ርካሽ ነበር። ገመድ፣ የቀበሌ ኮሚቴና "አዎ፣ ድንበሩ እዚህ ነው" የሚል ጎረቤት ይበቃል። ለአንድ ማሳ የወጣው ወጪ 1 የአሜሪካ ዶላር አካባቢ ነው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ20 ሚሊዮን በላይ ማሳ ተመዘገበ። በአፍሪካ እንዲህ በፍጥነትና በርካሽ የተሠራ ምዝገባ አልነበረም። ካርታ ያለው ሁለተኛ ደረጃ የሚባለው ማረጋገጫ በኋላ የመጣ ነው።

ጎጃም ያለችው አክስቴ ደብተሯን በፌስታል፣ ፌስታሉን በአሮጌ ነጠላ ጠቅልላ ከሳጥኑ ግርጌ ነው የምታኖረው። ፎቶዋ ላይ ዓይኗ ፈጧል። ፎቶ አንሺው ቀበሌው ግድግዳ ላይ አንሶላ ሰቅሎ ነበር አሉ። "ፈገግ በይ ይለኛል፤ ለባዳ ወንድ ልሳቅ?" ትላለች። በሕይወቷ የተነሣችው የመጀመሪያ ፎቶ ነው።

ሴት በሬ ጠምዳ አታርስ። መሬቱ ምን ያደርግላታል?

ይህ ዋናው ጥያቄ ነው። ረዘም ላደርገው ነው።

እውነት ነው፣ በብዙ ቦታ ሞፈር የሚይዘው ወንድ ነው። ሴቷ ታርማለች፣ ትጎለጉላለች፣ ታጭዳለች፣ አውድማ ታስተካክላለች፤ ግን "አራሽ" አትባልም። ስለዚህ ባል የሞተባት ሴት መሬቷን ለእኩል ትሰጣለች። አራሹ ያርሳል፣ ምርቱን ይካፈላሉ።

ችግሩ ለማን ትሰጣለች የሚለው ነው። አክስቴ ባሏ እንደሞተ ለዋርሳዋ፣ ለባሏ ወንድም ሰጠች። እምቢ ማለት አይታሰብም፤ መሬቱ የወንድሙ ነዋ። ሰውየው መጀመሪያ የራሱን ማሳ ያርሳል። ዝናቡ ሊያልፍ ሲል ወደ እሷ ይመጣል። ጤፉ ዘግይቶ ይዘራል፣ አረሙ ይቀድመዋል። መኸር ላይ እኩሌታዋን ይሰፍርላታል፤ ገለባው ግን ሙሉ በሙሉ የእሱ ነው። ገለባ ማለት ደግሞ የላሟ ቀለብ ነው።

ይህ የእሷ ብቻ ታሪክ አይደለም። አማራ ክልል ላይ የተሠራ ጥናት የሴቶች መሬት በእኩል ሲታረስ ምርቱ ዝቅ የሚለው አራሹ የባል ዘመድ ሲሆን እንደሆነ አሳይቷል። ዘመዱ እንደማይባረር ያውቃል። ባዳ አራሽ ግን ካልሠራ በሚቀጥለው ዓመት መሬቱን ያጣል። ሴቷም ዘመዱን ማስወጣት የምትፈራው መሬቱን ይነጥቀኛል ብላ ነው።

ደብተሩ የሚነካው ይህንን ፍርሃት ነው። አክስቴ ደብተሩ እጇ ከገባ በኋላ በሁለተኛው ዓመት ማሳውን ለአንድ ጎረቤት ልጅ ሰጠችው። ስለ ዘሩ፣ ስለ ማዳበሪያው፣ ስለ ገለባው አንድ በአንድ ተነጋገሩ። ዋርሳዋ ሁለት ፋሲካ አኮረፈ። በሦስተኛው መጥቶ በላ።

ይህ የአንድ ሰው ወሬ ነው። በጥናት የታየ ነገር አለ?

አለ። ትግራይ ውስጥ ደብተር ያገኙ ማሳዎች ከሌሎቹ ጋር ሲነጻጸሩ ምርታቸው በ40 በመቶ ገደማ በልጦ ተገኝቷል። ሴቶች የሚመሯቸው ቤቶችም ከደብተሩ በኋላ መሬታቸውን በልበ ሙሉነት ማከራየት ጀምረዋል። አማራ ክልል ላይም በሴትና በወንድ ይዞታ መካከል ያለውን የምርት ልዩነት ደብተሩ እንደሚያጠበው ታይቷል። ልዩነቱ ደግሞ ቀላል አይደለም። በአገር ደረጃ የዓለም ባንክ ከአሥር ዓመት በፊት ባወጣው ስሌት ሴት የምታስተዳድረው ማሳ ምርት ከወንዱ በ23 በመቶ ገደማ ያንሳል። ሴቷ ሰነፍ ስለሆነች አይደለም። በሬው፣ ማዳበሪያው፣ የግብርና ባለሙያው ምክርና ጊዜው የሚደርሳት ከወንዱ በኋላ ነው።

40 በመቶው ግን የትም ይደገማል ብላችሁ አትያዙት። አንድ ክልል፣ አንድ ጊዜ ነው።

ባሌ ሳያማክረኝ መሬቱን ቢያከራይ ወይም ቤቱን ቢሸጥስ?

በቤተሰብ ሕጉ መሠረት በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ንብረት ሁሉ የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። "የግሌ ነው" የሚለው ወገን ነው ማስረዳት ያለበት። የማይንቀሳቀስ የጋራ ንብረት ለመሸጥ፣ ለማከራየት ወይም በዋስትና ለማስያዝ የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። ከ500 ብር በላይ መበደርም ሆነ ማበደር እንዲሁ። ሕጉ ሲወጣ 500 ብር ብር ነበር። ዛሬ ሁለት ሰው ምሳ በልቶበት መልስ ካገኘ ዕድለኛ ነው፤ ሕጉ ግን አልተሻረም።

ያለ ፈቃዳችሁ ከተደረገ ፍርድ ቤት ውሉ እንዲፈርስ መጠየቅ ይቻላል። ጊዜው አጭር ነው፦ ካወቃችሁ በ6 ወር ውስጥ፣ ቢበዛ ውሉ በተደረገ በ2 ዓመት። ይህ የፌዴራሉ ነው። ክልሎች የራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው የራሳችሁን ጠይቁ። አዲሱ የገጠር መሬት አዋጅ የመጠቀም መብትን ለብድር ማስያዝ ስለፈቀደ፣ "እዚህ ጋ ፈርሚ" ስትባሉ አስነብባችሁ ፈርሙ።

በሰማንያም በቁርባንም አልተጋባንም፤ ግን አብረን ነው የምንኖረው። መብት አለኝ?

አለሽ። እንደ ባልና ሚስት አብሮ መኖሩ ቢያንስ 3 ዓመት ከሆነው በዚያ ጊዜ የተፈራው ንብረት የጋራ ነው። ጣጣው ማስረጃው ላይ ነው። ጎረቤት፣ እድርተኛ፣ የልጆች የልደት ካርድ፣ በሁለታችሁ ስም የተከፈለ ግብር፣ ሁሉም ይረዳል። ዛሬውኑ ሰብስቢ፤ ሲጣሉ ጎረቤት አያስታውስም።

ሁለተኛ ሚስት ከሆንኩስ?

ደብተሩ የተዘጋጀው ባልና አንዲት ሚስት ታስበው ነው። ሁለት ሦስት ሚስት በሚገባባቸው አካባቢዎች የቀሩት ሚስቶች ከመዝገቡ ውጭ የሚሆኑበት አጋጣሚ ብዙ ነው። ሕጉ ከአንድ በላይ ጋብቻን ስለማይደግፍ መዝጋቢው ዝም ማለቱን ይመርጣል፤ ዝምታው ግን የሚጎዳው ያገባውን ሰውዬ ሳይሆን ሴቶቹን ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ያረሰችውንና ያለማችውን ማሳ ለብቻዋ በስሟ ማስመዝገብ ከሁሉ ይሻላል።

ሴት ልጅ የአባቷን መሬት ትወርሳለች?

ሕገ መንግሥቱ ያለማመንታት አዎ ይላል። ገመዱ የሚጠላለፈው ታች ወርዶ ነው። አሁን የተተካው አዋጅ 456 የገጠር መሬት ለ"ቤተሰብ አባል" ይተላለፋል ብሎ፣ የቤተሰብ አባልን ከባለይዞታው ጋር በቋሚነት የሚኖርና ኑሮውን የሚጋራ ብሎ ተረጎመው። ቃሉ ወንድ ሴት አይልም። ነገር ግን አግብታ ወደ ባሏ አገር የሄደችው ማን ናት? ወንድምየው እዚያው ነው። እንዲህ ነው ገለልተኛ የሚመስል ቃል ሴቷን ውጭ የሚያስቀራት። ክልሎች በየራሳቸው አዋጅ ይህን አስፍተውታልም አጥብበውታልም።

ከሕጉ ይልቅ ግን ይሉኝታው ይከብዳል። ወንድሞቿን ከሰሰች እንዳይባል ድርሻዋን የምትተው ብዙ ናት። ባሏ ቢበድላት መመለሻዋ የወንድሞቿ ቤት ነዋ። ሴትየዋ ሞኝ አይደለችም፤ መሬቷን ከፍላ መጠጊያ ነው የገዛችው።

ዐረብ አገር ሆኜ የላክሁት ብር ቤት ሆነ። ካርታው ግን በወንድሜ ስም ነው። ምን ላድርግ?

ከሳዑዲ፣ ከኩዌት፣ ከዱባይ የሚመጣ ጥያቄ ነው፤ ሳነበው ሁሌ ያመኛል። ስምንት ዓመት የሰው ቤት ሠርታ፣ ስትመለስ በገዛ ቤቷ እንግዳ ትሆናለች።

ገና ካልተሠራ ቀላል ነው። ቤቱ በአንቺ ስም እንዲሆን አድርጊ። ለዚህ አንቺ መገኘት የለብሽም። ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ሄደሽ ውክልና ስጪ። ውክልናው ግን ጠቅላላ አይሁን። "በስሜ ቦታ እንዲገዛ፣ በስሜ እንዲያስመዘግብ" የሚል ይሁን፤ "እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ" የሚለውን አስወጪ። ከተሠራ ደግሞ ገንዘብ የላክሽበትን ደረሰኝ ሁሉ ያዢ። "ለቤቱ" ብለሽ የላክሽው መልእክት፣ ወንድምሽ "ጣራው ተመታ" ያለበት ድምፅ ሁሉ ማስረጃ ነው። ብሩን በሰው እጅ ሳይሆን በባንክ ላኪ። መጀመሪያ ሽማግሌ፣ ከዚያ ጠበቃ።

ከተማ ለሚኖሩስ?

በአዲስ አበባ የኮንዶሚኒየም ዕጣ 30 በመቶው ለሴቶች ተለይቶ ነበር። ብዙ ሴት በዚያ ቤት አግኝታለች። ቤት ሲሸጥ የትዳር ጓደኛ ፊርማ ወይም "ያላገባ" የሚል ወረቀት መጠየቁም ከዚሁ የጋራ ንብረት ሕግ የመጣ ነው። ሰልፉ ቢያሰለችም ወረቀቱን አትራገሙት።

ይህ ሁሉ ትዳር አያፈርስም?

በእያንዳንዱ ስብሰባ ላይ አንድ ሰው እጁን አውጥቶ ይህን ይጠይቃል። እኔም መልሼ እጠይቀዋለሁ፦ ሴቷ መሄጃ ስላጣች ብቻ የቆመ ትዳር፣ ቆሟል ይባላል? መውጣት የምትችል ሚስት ያለበት ቤት ውስጥ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያወራል። ይህን ያየሁት በዓይኔ ነው።

ሌላ አገር እንዴት አደረጉት?

ሩዋንዳን ላንሳ። ከጭፍጨፋው በኋላ አገሪቱ በመበለቶችና ወላጅ ባጡ ልጃገረዶች ተሞላች። የድሮው ልማድ ግን ለሴት አያወርስም። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣ ሕግ ሴት ልጅ ከወንዱ እኩል እንድትወርስ አደረገ። ቀጥሎ ከ10 ሚሊዮን በላይ ማሳ ተመዘገበ። የሙከራው ምዕራፍ ሲጠና በሕግ የተጋቡ ሴቶች ተጠቅመዋል፤ ጋብቻቸው ያልተመዘገበው ግን ጭራሽ ተጎድተዋል። ያንን አይተው ምዝገባውን አስተካከሉ። ከእነሱ መኮረጅ ያለብን መፍጠኑን ብቻ ሳይሆን መሃል ላይ ቆም ብሎ የቀረ ሰው አለ ወይ ማለቱን ነው።

ከየት ልጀምር?

ደብተሩን ከሳጥን አውጡት። ስማችሁ አለ? ከመታወቂያው ጋር አንድ ነው? "ወለተ ማርያም" እና "ወለቴ" ለፍርድ ቤት ሁለት ሰው ናቸው። ማሳዎቹ ሁሉ ተዘርዝረዋል? አዋሳኞቹ የተጻፉት ዛሬ በሕይወት ያሉት ናቸው? ስሕተት ካለ ወደ ቀበሌው የመሬት አስተዳደር ኮሚቴ፣ ካልሆነ ወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ሂዱ። ክርክር ከሆነ የወረዳው የሴቶች ጉዳይ ቢሮ፣ የሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበርና የየዩኒቨርሲቲው ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከል አሉ። ማኅበሩ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት አዋጅ የውጭ ገንዘቡን ቆርጦበት ክፉኛ ደክሞ ነበር፤ አዋጁ በ2011 ዓ.ም. ተለውጧል።

ስትሄዱ ዋናውን ደብተር ያዙ። ከመሄዳችሁ በፊት ግን በስልክ ፎቶ አንሡትና ለምታምኑት ሰው ላኩ።